ሻሽ፣ ሂጃብ፣ ጆሮ፣ መነጽር፦ ለመታወቂያና ለፓስፖርት ፎቶ ምን ይፈቀዳል? ምን አይፈቀድም? (ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ ላላችሁ)

ከነገሌ ቦረና፣ ከፊልቱ፣ ከያቤሎ፣ ከሞያሌ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ። “ለመታወቂያ ፎቶ ሻሼን ማውለቅ አለብኝ ወይ?” “ጆሮሽ ካልታየ አይሆንም አሉኝ፣ እውነት ነው?” “አባቴ ጥምጥሙን አላወልቅም ብሎ ሳይመዘገብ ተመለሰ፣ ምን እናድርግ?”

ላዩን ሲያዩት ቀላል ጥያቄ ነው፤ መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። ለፓስፖርት ከነገሌ ሐዋሳ የሚሄድ ሰው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ የምግቡ ወጪ አለ። ያ ሁሉ ተከፍሎ “በዚህ ፎቶ አይሆንም” ተብሎ መመለስ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ኪሳራ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ኪሳራው የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰልፍ ላይ፣ ወንዶች በተሰበሰቡበት፣ “አውልቂው” የተባለች ልጅ ቀኑን አትረሳውም።

ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምን ግዴታ ነው? ምን ልማድ ብቻ ነው? ምንስ ማድረግ ትችላላችሁ? ይሄንን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት፤ ፎቶ ቤት ስትሄዱ ያስፈልጋችኋል።

መጀመሪያ፦ የትኛው ፎቶ?

ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን ስለምናይ ነው።

1ኛ. ይዛችሁ የምትሄዱት ጉርድ ፎቶ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ቤት፣ የሥራ ማመልከቻ ላይ የሚለጠፈው 3 በ 4 የሚባለው ነው። ይሄኛው ወረቀት ላይ ይለጠፍና ማኅተም ያርፍበታል። የሚያየው ሰው እንጂ ማሽን አይደለም።

2ኛ. እዚያው የሚነሳ ፎቶ። ፋይዳ ላይ ፎቶ ይዛችሁ አትሄዱም። የምዝገባ ባለሙያው በራሱ ካሜራ ያነሳችኋል። ከፎቶው ጋር የአሥር ጣት አሻራና የሁለት ዓይን አይሪስ ይወሰዳል። ለፓስፖርትም የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቢሮ ቀርባችሁ አሻራና ፎቶ ትሰጣላችሁ።

3ኛ. በኦንላይን የሚጫን ፎቶ። ለውጭ አገር ቪዛ፣ ለነጻ የትምህርት ዕድል፣ ለዲቪ የምትልኩት ማለት ነው። ይሄኛውን መጀመሪያ የሚያየው ኮምፒውተር ስለሆነ ልመና አይሰማም፤ መጠኑ ከተሳሳተ ወዲያው ይመልሰዋል።

“እህቴ ሂጃቧን ሳታወልቅ ተነሳች፣ እኔን ለምን ከለከሉኝ?” የምትል ልጅ ብዙ ጊዜ የምታወራው ከእህቷ ስለተለየ ፎቶ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት “ለየትኛው ነው?” በሉ።

መነሻው ደንብ የቱ ነው?

በዓለም ላይ ፓስፖርት ፎቶ ምን መምሰል እንዳለበት የሚወስነው ዋናው ሰነድ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ አይካኦ የሚባለው፣ ያወጣው “ዶክ 9303” ነው። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል ናት። ድርጅቱ ከ20 ዓመት በፊት የሰው ፊት ዋናው የመለያ መንገድ እንዲሆን ከመረጠ ወዲህ አገሮች የፓስፖርት ፎቷቸውን ወደዚህ ደንብ አምጥተዋል። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ቺፕ ያለውን አዲሱን ኢ-ፓስፖርት ይፋ አድርጋለች።

ደንቡ በቀላል አማርኛ እንዲህ ነው፦

- ፊት ወደ ካሜራው ቀጥ ብሎ መታየት አለበት፤ ወደ ጎን ማየትም አንገት ማዘንበልም የለም።
- ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከግራ የፊት ጠርዝ እስከ ቀኝ የፊት ጠርዝ መታየት አለበት።
- ዓይን የተከፈተ፣ አፍ የተዘጋ ይሁን። ጥርስ የሚያሳይ ሳቅ አይሆንም።
- ጀርባው አንድ ዓይነት፣ ነጣ ያለ ይሁን። ጥላ አይኑርበት።
- የራስ መሸፈኛ አይፈቀድም፤ ነገር ግን በሃይማኖት፣ በባህል ወይም በሕክምና ምክንያት አገሪቱ ከፈቀደች ይቻላል።

የመጨረሻዋን ነጥብ ደግማችሁ አንብቧት። “ሃይማኖት” ብቻ አይልም፤ “ባህል”ም ይላል። ይሄ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ሂጃብና ጋርባሳር የሚለብሱ ሴቶች አሉን። ራሳቸውን በሩፋ የሚጠመጥሙ የቦረናና የጉጂ ሽማግሌዎች አሉን። ነጠላ የሚከናነቡ እናቶች አሉን። ቆፍያ የሚያደርጉም አሉ። ዓለም አቀፉ ደንብ ለእነዚህ ሁሉ በር ከፍቷል፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ ፊት ይታይ።

ሂጃብ፣ ጋርባሳር፣ ሻሽ፣ ሩፋ፦ እንዴት ይሁን?

ማሽኑ የሚለካው በዓይኖች መካከል ያለውን ርቀት፣ የአፍንጫን፣ የአፍንና የአገጭን ቅርጽ ነው። ፀጉር መለያ አይደለም፤ ዛሬ ይቆረጣል፣ ነገ ይሠራል። ስለዚህ ሂጃብ ያደረገች ሴት ፊቷ በሙሉ ከታየ ፎቶዋ ለማሽኑ ይበቃል። ዛሬ በሂጃብ የተነሱት ፎቶ ፓስፖርታቸው ላይ ያለ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ብዙ ናቸው።

ችግር የሚፈጥረው አለባበሱ ሳይሆን አሠራሩ ነው። የሚከተሉትን አስተካክሉ፦

- ግንባር ላይ ወርዶ ቅንድብ የነካ ከሆነ ወደ ላይ መለስ አድርጉት።
- ጉንጭን ከሁለቱም በኩል የሚሸፍን ከሆነ ትንሽ ሳብ አድርጉት። የፊት ጠርዝ ይውጣ።
- አገጭ ሥር የሚጠበቀው ጨርቅ አገጩን እንዳይውጠው።
- ጨርቁ ፊት ላይ ጥላ እንዳይጥል ፊታችሁን ወደ ብርሃኑ አዙሩ።
- ጀርባው ነጭ ከሆነ ነጭ ሂጃብ፣ ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ጥምጥም አትልበሱ። ራስና ግድግዳው አንድ ሆነው ይጠፋሉ። ጠቆር ያለ ወይም ቀለም ያለው ይሻላል።

ለአባቶችም ያው ነው። ሩፋው ወይም ጥምጥሙ ግንባር ላይ ከወረደ ወደ ላይ ማድረግ እንጂ የግድ ማውለቅ ማለት አይደለም። ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ኮፍያ፣ ካፕ፣ የፀሐይ ባርኔጣ ግን ይወልቃል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ አንዱ በየቀኑ የሚለበስ የእምነት ወይም የባህል ልብስ ነው፣ ሌላው ፋሽን ነው።

“ጆሮ ይታይ” ከየት መጣ?

ይሄ ከሁሉም በላይ የምንጠየቀው ነው። በየፎቶ ቤቱ “ጆሮሽን አውጪ” ይባላል። ትምህርት ቤትም፣ ቀበሌም ይባላል። ደንብ ነው?

ዶክ 9303 ላይ ጆሮ የግድ ይታይ የሚል የለም። የሚለው የፊት ጠርዝ ይታይ ነው። ታዲያ ጆሮ እንዴት ገባ?

ታሪኩ ረጅም ነው። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ አልፎንስ ቤርቲዮ የሚባል የፖሊስ ባለሙያ ወንጀለኞችን የሚለይበት ዘዴ ፈጠረ። የእጅን፣ የእግርን፣ የራስን መጠን ይለካ ነበር። አንድ ፎቶ ከፊት፣ አንድ ፎቶ ከጎን ያነሳ ነበር። የጎኑ ፎቶ ለጆሮ ነው፤ የጆሮ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያል፣ ከዕድሜ ጋርም ብዙ አይለወጥም ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ ፊልም ላይ የምናየው የእስረኛ ፎቶ የመጣው ከእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ጆሮ ወደ ሲቪሉ ሰነድም ገባ። ለምሳሌ አሜሪካ ለግሪን ካርድ ፎቶ ፊት ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ ቀኝ ጆሮ እንዲታይ ትጠይቅ ነበር። ያ ደንብ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ፊትን ነው።

እንግዲህ ጆሮ የድሮው ዘመን፣ ሰው በዓይኑ እያየ ሲለይ የነበረበት ዘመን ትዝታ ነው። ይህ ማለት ግን “ጆሮ አይታይም” ብላችሁ ተጨቃጨቁ ማለት አይደለም። የምታመለክቱበት ቦታ የራሱ የጽሑፍ መመሪያ ካለው መመሪያው ይሠራል። ጥያቄያችሁ ግን አንድ ይሁን፦ “ይሄ የት ላይ ነው የተጻፈው? ማየት እችላለሁ?” በጨዋ ቋንቋ የቀረበ ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይፈታዋል። ሂጃብ የማትለብሱ ደግሞ ፀጉራችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ጆሮ ብታሳዩ ምንም አይጎዳችሁም፤ የትም ቦታ ያልፋል።

ኒቃብ የምትለብሱ

እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። ፊት የተሸፈነበት ፎቶ መታወቂያ ሊሆን አይችልም። በሙስሊም አገሮችም ቢሆን የፓስፖርት ፎቶ ፊት ያሳያል። ስለዚህ ለፎቶው ፊት መገለጥ አለበት።

ግን ፊትን መግለጥ ማለት በሰልፍ መሀል መግለጥ ማለት አይደለም። ሴት ባለሙያ ካለች እሷ እንድታነሳችሁ ጠይቁ። ከሌለች መጋረጃ ያለበት ጥግ ወይም ሰው የሌለበት ክፍል ጠይቁ። ጠዋት ገና ሲከፈት ወይም ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ሂዱ። ከእናት ወይም ከእህት ጋር መሄድም ይረዳል። ሂጃቡ ባለበት ሆኖ ኒቃቡ ብቻ ለአፍታ ይነሳል። የምዝገባ ጣቢያ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶችም ይሄንን ብታነቡት ደስ ይለናል፤ አንድ አንሶላ ገመድ ላይ መስቀል ምንም ወጪ የለውም፣ ብዙ እናቶችን ግን ያስመዘግባል።

ሕጉስ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ይጠብቃል። ገደብ ሊደረግበት የሚችለው በሕግ ሆኖ እንደ ሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና ባሉ ምክንያቶች ነው። አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ከእነዚህ አንዱ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ነው።

ይሄ ቃል ኪዳን ፎቶን በተመለከተ ተፈትኗል። ፈረንሳይ የሚኖሩ ራንጂት ሲንግ የተባሉ የሲክ እምነት ተከታይ አዛውንት ለመኖሪያ ፈቃዳቸው ጥምጥማቸውን አውልቀው እንዲነሱ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ጉዳዩ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረንሳይ የእምነት ነጻነታቸውን ጥሳለች አለ። ምክንያቱን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጥምጥሙ የራስን ላይኛ ክፍልና የግንባርን ጥቂት ይሸፍናል እንጂ ፊትን አይሸፍንም፤ ታዲያ ማንነት ለመለየት ለምን እንደሚያስቸግር መንግሥት አላስረዳም። ሁለተኛ፣ “አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያወልቀው” ማለት አይበቃም፤ ፎቶው ሰነዱ ላይ ለዓመታት ይኖራልና። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በፓስፖርት ፎቶ ጉዳይ ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ።

የሚያስቅ ግን የሚያስተምር ሌላ ታሪክም አለ። ኦስትሪያ ውስጥ ኒኮ አልም የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2011 ፓስታ ማጥለያ ራሱ ላይ ደፍቶ በተነሳው ፎቶ መንጃ ፈቃድ አወጣ። “የፓስታ ሃይማኖት ተከታይ ነኝ” ብሎ ነው። ፖሊስ በኋላ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ፦ ፈቃዱ የተሰጠው በሃይማኖቱ ምክንያት አይደለም፣ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ስለታየ ነው። መቼም ማጥለያ ደፍታችሁ ሂዱ አንልም፤ ግን ቁም ነገሩ እዚያ ውስጥ አለ፤ ዋናው ፊት ነው።

አገር ውስጥም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ከ150 በላይ ሙስሊም ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርታቸው ተስተጓጉለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስከ መድረስ ሄዷል። የራስ መሸፈኛ ጉዳይ ከፎቶም በላይ የልጆችን የወደፊት ሕይወት የሚነካ መሆኑን ያየንበት ነው።

መነጽር፣ ሜካፕ፣ ፂም፣ ጌጥ

እነዚህን በአጭሩ፦

መነጽር፦ አውልቁት። አንዳንድ ቦታ የዓይን መነጽር ይፈቀዳል፤ ግን መስታወቱ ያብለጨልጫል፣ ፍሬሙ ዓይን ይሸፍናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2016 ጀምሮ ለቪዛና ለፓስፖርት ፎቶ መነጽር ከልክላለች። የፀሐይ መነጽርማ የትም አይሆንም።

ሜካፕ፦ ኩልም ቀለል ያለ ሜካፕም ችግር የለውም። የሰርግ ሜካፕ ግን ፊትን ይቀይራል። ከሰርግ ቀጥታ ፎቶ ቤት አትግቡ።

ፂም፦ ያላችሁን ይዛችሁ ተነሱ። ፂም ስለተላጨ መታወቂያ አይቀየርም።

የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት ጨሌ፣ የግንባር ጌጥ፦ ፊትን እስካልሸፈነና እስካላብለጨለጨ ድረስ ችግር የለም። ግንባር ላይ የሚወርድ ጌጥ ግን ከፍ ይበል።

ዊግና ሂውማን ሄር፦ በየቀኑ የምታደርጉት ከሆነ ይሁን፤ ግንባርና ቅንድብ ግን ይታይ።

ባለቀለም ኮንታክት ሌንስ፦ አውጡት። በተለይ ፋይዳ ላይ ዓይን ይቃኛል።

ፈገግታ፦ ፊታችሁን አታኮሳትሩ፣ አትሳቁም። ዘና ብላችሁ ካሜራውን እዩ።

ጥቁር ቆዳና ካሜራ

ይሄ የማይወራ ግን እውነተኛ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡዎላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ያወጡት ጥናት ፊት የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮችን ፈተነ። የሴትና የወንድን ፊት በመለየት ሥራ ላይ ቆዳቸው ቀላ ባሉ ወንዶች ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሴቶች ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው ተሻሽሏል፤ ትምህርቱ ግን ይኖራል፦ ማሽኑ ለሁሉም እኩል አልተሠራም።

በ2016 (እ.ኤ.አ.) ኒውዚላንድ ውስጥ የእስያ ዝርያ ያለው አንድ ወጣት የጫነውን የፓስፖርት ፎቶ ሲስተሙ “ዓይኑ ተዘግቷል” ብሎ መልሶበታል። ዓይኑ ግን ክፍት ነበር።

ለእኛ ምን ማለት ነው? ብርሃን። ጥቁር ፊት በደካማ ብርሃን፣ ከኋላ በሚያበራ ነጭ ግድግዳ ፊት ሲነሳ ካሜራው ግድግዳውን አይቶ ፊቱን ያጨልመዋል። መፍትሔው ፊት ላይ ብርሃን መጨመር ነው። መፍትሔው ፊትን በፎቶሾፕ ማንጣት አይደለም!

ፎቶ ቤቱ “ሲያሳምራችሁ”

እውነቱን እንናገር፤ ፎቶ ቤቶቻችን ደግ ናቸው፣ አንዳንዴ ከመጠን በላይ። ቡግሩን ያጠፋሉ፣ ቆዳውን ያለሰልሳሉ፣ ፊቱን ያቀላሉ። ኮት የሌለውን ኮትና ክራቫት ያለብሳሉ። ለግድግዳ ፎቶ ያምራል። ለመታወቂያ ግን አደገኛ ነው።

ምክንያቱም ፎቶው ከእናንተ ፊት ጋር የሚነጻጸር ነገር ነው። ኤርፖርት ላይ ወይም ባንክ ላይ “ይሄ አንተ አይደለህም” የሚባልበት ምክንያት ይሄ ነው። የተለጠፈው ኮት የአንገትን ቅርጽ ይቀይራል፤ ጀርባው ሲቀየር የፀጉርና የሂጃብ ጠርዝ ይቆረጣል። በሌላው ዓለም ደግሞ የሁለት ሰው ፊት አዋሕዶ አንድ ፓስፖርት ማውጣት የሚባል ማጭበርበር መጥቷል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለመታወቂያና ለፓስፖርት በወረቀት የታተመ ፎቶ መቀበል ያቆመችው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ፎቶ ቤት ስትገቡ እንዲህ በሉ፦ “ለመታወቂያ ነው፤ ምንም አትንካው። መጠኑን ብቻ አስተካክልልኝ።”

ሌላም አለ። ፎቷችሁን ሳትፈቅዱ መስኮት ላይ መስቀል ወይም ፌስቡክ ላይ መለጠፍ አይገባም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። ፎቷችሁ የእናንተ ነው። ከተነሳችሁ በኋላ “አጥፋልኝ” ማለት ትችላላችሁ።

በስልክ ራሳችሁ ስታነሱ

ገጠር ያላችሁ፣ መብራት የጠፋባችሁ፣ ፎቶ ቤት የሌለበት ያላችሁ፣ ስልክ ይበቃል። ወረቀት ላይ ለሚታተም ጉርድ ፎቶም፣ ኦንላይን ለሚጫንም ይሠራል። እንዲህ አድርጉ፦

- የቆላ የቀትር ፀሐይ ላይ አትነሱ። ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፣ ዓይን ያስጨፍናል። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ጥላ ቦታ ላይ ቁሙ።
- ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ፊታችሁን ወደ ተከፈተ በር አዙሩ። በሩ ከኋላችሁ አይሁን።
- ከጀርባ ነጭ አንሶላ ወጥሩ። ከአንሶላው አንድ ሜትር ያህል ራቁ፤ ጥላችሁ አያርፍበትም።
- ሌላ ሰው ያንሳችሁ። ሰልፊ አፍንጫን ያተልቃል። ስልኩ በዓይናችሁ ትክክል፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይሁን። የኋላውን ካሜራ ተጠቀሙ።
- ፊልተርና ቢውቲ ሞድ ይጥፋ። ጀርባ የሚያደበዝዘውም ይጥፋ።
- ሌንሱን ጥረጉ። የነገሌ ቀይ አቧራ ካለበት ፎቶው ይደበዝዛል።
- ለፎቶ ቤት በቴሌግራም ስትልኩ “እንደ ፋይል” ላኩት። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል።

ኦንላይን ስትጭኑ መጠኑን አንብቡ። ለምሳሌ የዲቪ ፎቶ ቢያንስ 600 በ 600 ፒክሰል፣ ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ፣ ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተነሳ መሆን አለበት። ያምናውን ፎቶ መልሶ መላክ ከውድድር ያስወጣል። ስንቱ ሰው በዚህ ብቻ ወድቋል! የራስ መሸፈኛ እዚያም የሚፈቀደው በየቀኑ ለሚለበስ የሃይማኖት ልብስ ነው፤ ፊት በሙሉ መታየት አለበት።

ፋይዳ ላይ ስትሄዱ

ፋይዳ የሚመራው በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። ምዝገባው ነጻ ነው። ብሔርና ሃይማኖት አይመዘገብም። “ሂጃብ ካደረግሁ ሃይማኖቴ ይጻፋል” ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ ቅጹ ላይ እንደዚህ ያለ ጥያቄ የለም።

እዚያ ፊት ብቻ ስላልሆነ የሚወሰደው ለእጅና ለዓይንም ተዘጋጁ፦

- እጃችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ። ጣት ጫፍ ላይ ወፍራም ሂና ካለ አሻራ ላይ ሊያስቸግር ስለሚችል ሰርግ ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተመዝገቡ።
- የሻኪሶ ወርቅ ቆፋሪዎች፣ የኤል ሶድ ጨው አውጪዎች፣ ድንጋይና እንጨት የምትሠሩ፦ የጣታችሁ ቆዳ ተልጦ አሻራ ሊጠፋ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ቀን እጃችሁን አሳርፉ፣ ቅባት ቀቡ፤ በምዝገባው ዕለት ግን ታጠቡት።
- ጣት የጎደለው ወይም ዓይኑ በሕመም የተጎዳ ሰው ከምዝገባ አይቀርም። ሲስተሙ የጎደለውን በልዩ ሁኔታ መዝግቦ ማለፍ ይችላል። “አያትህ ዓይኗ ስለማይነበብ አትመዘገብም” ቢሏችሁ ይሄንን ንገሯቸው።
- ፎቶው ካላማራችሁ ሌላ ጣቢያ ሄዳችሁ ድጋሚ አትመዝገቡ። ሲስተሙ በአሻራና በዓይን ስለሚያውቃችሁ ሁለተኛው ምዝገባ ይወድቃል። ከመጨረሱ በፊት “አንዴ ላየው” በሉ፤ ዓይናችሁ ከተጨፈነ እዚያው ይደገማል።

ለዶሎ አዶ አካባቢ ስደተኞችም ይሄው ይሠራል፤ ፋይዳ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለስደተኞችም መሰጠት ጀምሯል።

ሕጻናት

ሕጻኑን ነጭ አንሶላ ላይ አስተኝታችሁ ከላይ አንሱት። የእናት እጅ፣ ጡጦ፣ አሻንጉሊት አይታይ። ክርና ክታቡ አንገት ላይ ቢኖር ችግር የለም። ለጨቅላ ዓይን መከፈትና አፍ መዘጋት ላይ ብዙም አይጠበቅም፤ ፊቱ ብቻ ይታይ።

ቢመልሷችሁስ?

አትጩኹ፤ ግን ዝም ብላችሁም አትመለሱ።

1. ምክንያቱን ጠይቁ። “ፊቴ አልታየም ወይስ ሂጃቡ ነው?” ፊት ካልታየ ጥፋቱ የፎቶው ነው፣ አስተካክሉት።
2. የተጻፈውን መመሪያ ጠይቁ። መመሪያ ካለ አንብባችሁ ፎቶ አንሱት።
3. ኃላፊውን አናግሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ መመሪያው ሳይሆን መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ልማድ ነው።
4. ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባላችሁትን ጻፉ።
5. ካልተፈታ በጽሑፍ አቤት በሉ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀበሉ ተቋማት ናቸው።

ለአያቶቻችሁም ከመሄዳቸው በፊት አስረዷቸው። አንድ አባት ከገጠር ሰዓታት ተጉዘው መጥተው፣ የማያውቁት ቋንቋ እየሰሙ፣ “አውልቅ” ሲባሉ የሚሰማቸውን አስቡት። አንድ ወጣት አብሯቸው ቢቆምና “አባባ፣ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ያድርጉት፣ ይበቃል” ቢላቸው ነገሩ እዚያው ያልቃል። ስልኩም ቋንቋውም እናንተ ጋር ነው ያለው።

በአጭሩ ለመያዝ

- ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ይታይ፤ ሂጃብ፣ ሻሽ፣ ጥምጥም ከዚያ ውጭ ይቀመጥ።
- ጆሮ ዓለም አቀፉ ደንብ ላይ ግዴታ አይደለም፤ “ግዴታ ነው” ካሏችሁ የተጻፈውን ጠይቁ።
- ኒቃብ ለፎቶው ይነሳል፤ ሴት ባለሙያ ወይም የተከለለ ቦታ ጠይቁ።
- መነጽር ይውለቅ። ፊልተር ይጥፋ። ኮት አይለጠፍ።
- ነጭ ጀርባ ላይ ነጭ አትልበሱ።
- ብርሃኑ ከፊት እንጂ ከኋላ አይሁን።
- ፎቶው 6 ወር ካለፈው አዲስ ተነሱ።
- የወረቀት ጉርድ ፎቶ ላይ ማኅተሙ ጥግ ላይ ይረፍ፤ ፊት ላይ ካረፈ ሌላ ፎቶ ስጧቸው።

እኛ ይሄንን የጻፍነው ማንም ሰው በአንድ ጉርድ ፎቶ ምክንያት ከነገሌ ሐዋሳ ሁለቴ እንዳይመላለስ ነው። ምዝገባ ሊሄድ ለተዘጋጀ ዘመድ አጋሩት። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ አንብቡላቸው።